የፍራሹ አምስት ነጥቦች

ከማተሚያ ቤቱ ሁለት ማሽኖች ጀርባ፣ የወረቀት ጥቅል እስከ ጣሪያ በተደረደረበት ጥግ፣ አንዲት ጠባብ ጠረጴዛ አለች። እዚያ ተቀምጦ የሚውለው ሰውዬ ስም አለው፤ ስሙን የሚያውቁት ግን ገንዘብ ያዧና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ለሌላው ሰው ሁሉ ነጥቤ ነው። ሥራው በበራሪ ወረቀት ላይ ከዕቃው ፎቶ ሥር የሚደረደሩትን አጫጭር መስመሮች መጻፍ ነው፤ እነዚያን ከፊታቸው ጥቁር ክብ ነጥብ ያለባቸውን። ጃንጥላ ሻጭ ይመጣል፣ የውሃ ታንከር ሻጭ ይመጣል፣ መኪና መንዳት የሚያስተምር ይመጣል። «አምስት ነጥብ ጻፍልኝ» ይሉታል፤ ይጽፍላቸዋል።

ከአምስት በላይ ግን ቢለምኑትም አይጽፍም። ባለማተሚያው በየሳምንቱ «ወረቀቱ ባዶ ከሚቀር ሙላበት እንጂ» ይለዋል። ነጥቤ እጁን ዘርግቶ ያሳየዋል።

«ሰው ወረቀቱን መንገድ ላይ ይጥለዋል። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ የሚነግራት በጣቱ እየቆጠረ ነው። ስድስተኛ ጣት ያለው ደንበኛ አምጣልኝና ስድስተኛ ነጥብ እጽፍለታለሁ።»

ባለማተሚያው እንዲህ ያለ ደንበኛ ስለማያገኝ ነገሩ እዚያ ላይ ይቆማል፤ በሳምንቱ ደግሞ እንደ አዲስ ይነሳል።

ሻጭ ሲባል ስለ ዕቃው ማውራት ይወዳል፤ ስለሚገዛው ሰው ማውራት ግን አይሆንለትም። ነጥቤ ያንን የሚያወጣው በአንዲት ጥያቄ ነው።

«ጃንጥላዬ ስምንት ዘንግ አለው» አለው አንድ ቀን ባለጃንጥላው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ነፋስ አይገለብጠውም።»

«ከዚያስ?»

«ሰው አይርስም።»

«ከዚያስ?»

ባለጃንጥላው ደሙ ፈላ። «ከዚያማ ሰውዬው ውሃ ውስጥ የወደቀች ዶሮ መስሎ አለቃው ፊት አይቆምም። ሌላ ምን ልበልህ?»

«አሁን ነገርከኝ» አለና ነጥቤ ጻፈ፦ ዝናብ ቢዘንብ ነፋስ ቢነፍስ፣ ቢሮ የሚገቡት ከቤት እንደወጡ ነው። ጃንጥላው በሁለት ሳምንት አለቀ ይባላል። ይህን ያለው ባለጃንጥላው ነው፤ ባለጃንጥላ ደግሞ ትንሽ ይጨምራል።

ሌላም ሕግ አለው፤ ያልሞከረውን አይጽፍም። ጫማ ከሆነ ተጫምቶት ይውላል። ሳሙና ከሆነ ካልሲውን ያጥብበታል። የመኪና መንዳቱን ጊዜ የሰው አጥር ስለነካ እሱ ብዙ አይነሳም። ይህን ሕግ ያስተማረችው ሚስቱ ናት። በጉብዝናው ጊዜ፣ እሷ ገና አስተማሪነት ስትማር፣ «ለምን እኔን ታገቢያለሽ» የሚል ደብዳቤ በአምስት ነጥብ ጽፎላት ነበር። ሦስተኛው ነጥብ «አላንኮራፋም» ይላል። ብቻውን የሚተኛ ሰው አለማንኮራፋቱን በምን ያውቃል? ከተጋቡ በኋላ የቤቱ መስኮት እስኪንቀጠቀጥ ማንኮራፋቱ ታወቀ። ሚስቱ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ፣ ሲያስፈልግ እያወጣች ሦስተኛውን ነጥብ ታነብለታለች።

እንግዲህ ይህ ሰው በኑሮው ደስተኛ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ነበር እንደ ጠጠር ጫማው ውስጥ የምትቆረቁረው፤ እሷም የአማቱ ነገር ናት።

አማቱ ፍራሽ ሠሪ ናቸው። ሁለት በር ወደ መንገድ የሚከፈት አንድ ሰፊ ክፍል አላቸው፤ ጥጡ እስከ ሰው ሽፋሽፍት ድረስ ይበናል። ሦስት ሴቶች አብረዋቸው ይሠራሉ። አንዷ ጥጥ ታባዝታለች፣ አንዷ በስፌት መኪና ሽፋን ትሰፋለች፣ ሦስተኛዋ በረጅም መርፌ ፍራሹን ከላይ እስከ ታች እየወጋች ጥጡ እንዳይሸሽ በክር ትቋጥራለች። አማቱ በመሃል ቆመው ሁሉንም በእጃቸው እየዳሰሱ ይመልሳሉ ወይም ያሳልፋሉ። ለሳቸው ሥራ ማለት፣ ሲመሽ እጅ የሚጭኑበት ነገር ያለው ነው። «የልጅሽ ባል ምንድነው የሚሠራው?» ያላቸው ሰው እንደሆነ «ማተሚያ ቤት ነው» ይሉና ስለ አየሩ ያነሳሉ።

ይህ ቀላሉ ነው። ክፉው የመጣው ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ ነጋዴ የስፖንጅ ፍራሽ መደብር ከፍቶ ነጥቤን ነጥብ ሲያስጽፈው ነው። ነጥቤ እንደ ሕጉ ስፖንጁን ቤቱ ወስዶ ሞከረ። ከዚያ ጻፈ። በአንድ እጅ ይነሳል። ዋጋው የጥጡን ግማሽ ነው። ዛሬ ገዝተው ዛሬ ይወስዱታል። ተጠቅልሎ ሚኒባስ ውስጥ ይገባል። አቧራ የለውም። አንዱም ውሸት አልነበረበትም። ባለመደብሩ በጣም ከመደሰቱ የተነሳ የሞከረውን ፍራሽ መረቀለት። ወረቀቱ በከተማው ግንብና ምሰሶ ሁሉ ተለጠፈ፤ አንዱ ደግሞ ከአማቱ በር ፊት ለፊት ያለው የመብራት ምሰሶ ላይ። ከዚያ ወዲህ የአማቱ ደንበኛ እንደ ቀዳዳ ከረጢት እህል እየፈሰሰ አለቀ።

አማቱ አንድ ቃል አልተናገሩም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የሳቸው ዝምታ ሁለት ዓመት ሙሉ አልነቀዘም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። በዚያ መንገድ ሲያልፍ አንገቱን ወደ ማዶ አዙሮ ነው።

ዘንድሮ ነገሩ ጠና። ከሦስቱ ሴቶች አንዷ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ትመጣ ጀመር። አማቱም ልጃቸውን ጠርተው «እስከ ወሩ መጨረሻ አያለሁ። ካልሆነ ቤቱን አስረክቤ እናንተ ጋ እመጣለሁ» አሉ። አማት ቤት ይመጣሉ ሲባል ሰው ሁሉ የሚፈራውን ነጥቤም ትንሽ ፈራ፤ አይዋሽም። የበለጠ የፈራው ግን ሌላ ነው። እኚያ ሴት የሱ ሶፋ ላይ ባዶ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲቀመጡ ታየው። እጃቸውን ባዶ ያደረገው ማን እንደሆነ እሱ ያውቃል።

በዚያው ሰሞን ሚስቱ አንድ ማስታወቂያ ይዛ መጣች። የነርሶች መኖሪያ ቤት አርባ ፍራሽ በጨረታ ሊገዛ ነው። ተወዳዳሪ አንድ ናሙናና ስለ ፍራሹ የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ያስገባል። ወረቀቱን በእናቷና በባሏ መካከል አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ እሱ ይጽፍልሻል።»

«የኔ ፍራሽ ምላስ አያስፈልገውም» አሉ አማቱ።

«ምላስ ያለው ነው እኮ ገበያሽን የወሰደብሽ።»

ነጥቤ የጫማውን ማሰሪያ ያይ ነበር።

«ይጻፍ እስቲ» አሉ በመጨረሻ።

በነጋታው ከሥራ ሲወጣ ወረቀትና እርሳሱን ይዞ ፍራሽ መሥሪያቸው ሄደ።

«ፍራሽዎ ጥሩነቱ ምኑ ላይ ነው፣ እማማ?»

«ጥጥ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጥጥ ነዋ።»

«ጥጥ ሲሆን ሰው ምን ይሆናል?»

«አያልበውም። ምነው፣ አንተ ጥጥ አታውቅም?»

«አውቃለሁ። ከዚያስ?»

«የኔ ልጅ፣ ከዚያስ ከዚያስ ትለኛለህ፤ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ ያመጣኸኝ?»

ሴቶቹ አፋቸውን በጥጥ ባዘቶው ሸፍነው ሳቁ። ነጥቤ ግን ለቀቅ አላደረጋቸውም። «እሺ፣ መጥፎው ምኑ ነው?» ብሎ በሌላ በኩል መጣ። አማቱ ይህን የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ገረማቸው። ከባድ ነው አሉ። በየአምስት ዓመቱ ተፈትቶ፣ ጥጡ እንደገና ተባዝቶ መሰፋት አለበት፤ ደንበኛ በዚህ ይማረራል። ነጥቤ እርሳሱን አሾለ። «ይህማ መጥፎ አይደለም» አለና ጻፈ፦ ሲያረጅ አይጣልም፤ በአንድ ቀን እንደ አዲስ ይሆናል። ባዘቶዋን የያዘችው ሴት ሰምታ «እውነት እኮ ነው» አለች። እስከ ረቡዕ ማታ አራት ነጥብ ሞላ። መሃሉ አይሰረጉድም፣ ቋጠሮው በእጅ የታሰረ ነው። የውጭ ሽፋኑ ወልቆ ይታጠባል። በሙቀት ቀን አያልብዎም። ሲያረጅም አይጣልም።

የጎደለው የመጀመሪያው ነው፤ ዋናው። ሰው ሲተኛበት ምን ይሆናል? ነጥቤ ይህን አያውቅም ነበር። ሲጋቡ አማቱ የሰጧቸው የጥጥ ፍራሽ ወደ ልጆቹ አልጋ ከሄደ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ እሱ ራሱ የሚያድረው በተመረቀለት ስፖንጅ ላይ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ትዝታ ደግሞ ሙከራ አይባልም።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ናሙናው ፍራሽ በክፍሉ መሃል ጣውላ ላይ ተዘርግቷል። ጫማውን አወለቀ፣ መነጽሩን አጠፈ፣ አራት ነጥብ ያለባትን ወረቀት ደረት ኪሱ ከተተ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንደ ሐኪም ኮስተር ብሎ ተናገረ።

«አሁን ሥራ ላይ ነኝ። እኔ ራሴ እስክነሳ ድረስ ማንም እንዳያናግረኝ።»

አሥር ደቂቃ ይበቃኛል ብሎ ነው፤ አሥር ደቂቃ ግን በሆዱ ነው ያለው። ሳምንቱን ሙሉ ስለ አማቱ ባዶ እጅ እያሰበ ጥሩ እንቅልፍ አልተኛም ነበር። በጀርባው ተጋደመ። «ወገብ» የሚል ቃል መጣለት፤ ጥሩ ጅምር ነው አለ። ሁለተኛው ቃል አልመጣም።

ሲነቃ ጥላው ወደ ሌላኛው ግድግዳ ዞሯል። ክፍሉ ጭር ብሏል። የስፌት መኪናው ቆሟል፣ ባዘቶው ተቀምጧል፣ ሦስቱ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። አንደኛው በር ተዘግቷል። በሁለተኛው በር አማቱ ቆመው፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አንዲት ደንበኛ በምልክት ይመልሳሉ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለ ነጥቤ።

«ስምንት ከሩብ» አለች ሰፊዋ፣ አሁንም በሹክሹክታ።

ክው አለ። «እማማ፣ የጨረታው ሳጥን ስድስት ሰዓት ይዘጋል ብዬዎት አልነበረም?»

«ብለኸኛል።»

«ታዲያ ለምን አልቀሰቀሱኝም?»

አማቱ ግራ ገባቸው። «ሥራ ላይ ነኝ አላልክም? ፍራሽ የሚሞክር ሰው ተኝቶ ካልሞከረ ቆሞ ነው የሚሞክረው? ደግሞ አንኮራፋህ፤ በረታልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ሰዓቱንም አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው።»

ነጥቤ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ማንን እንደሚቆጣ አጣ። ለሱ ሲሉ አምስት ሰዓት ሙሉ ሥራ አስቁመዋል፤ በዚህ በከፋ ወር ሦስት ደንበኛ ከሰዓት በኋላ ኑ ብለው መልሰዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሥራዬን ሥራ ይበሉልኝ ብሎ ሲመኝ ኖሮ፣ አማቱ እሺ ያሉት ዛሬ ነው።

ፍራሹን ታክሲ ጣሪያ ላይ አስረው በረሩ። አማቱ መሄድ አያስፈልግዎትም ቢባሉ እምቢ አሉ። የመኖሪያ ቤቱ ኃላፊ ወገቧ ላይ የቁልፍ ቀለበት ያሰረች፣ ፊቷ የደከመው ሴት ናት። ሳጥኑ ጠረጴዛዋ ላይ ታሽጎ ተቀምጧል። ሦስት ናሙናዎች ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፤ አንደኛው ላይ ነጥቤ በደንብ የሚያውቃት ወረቀት ተለጥፋለች።

«አዝናለሁ» አለች። «ስድስት ሰዓት አሽገነዋል። ምነው ዘገያችሁ?»

ነጥቤ ምላሱ ዝግጁ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ፣ ጎማ ተንፍሶ፤ ሦስት አራት ምክንያት ከንፈሩ ላይ ደርሷል። አማቱ ቀደሙት።

«ተኝቶ ነው» አሉ።

«ማን?»

«እሱ ነዋ። የልጄ ባል ነው። ያልሞከረውን አይጽፍም፤ ፍራሹን ልሞክር ብሎ ጋደም አለ። ከሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ተኛ። ሥራ ላይ ነው ብዬ እኔም ዝም አስባልኩለት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሱን አትቆጪው።»

ኃላፊዋ ነጥቤን አየችው። ጸጉሩ በአንድ በኩል ቆሟል፤ ጉንጩ ላይ ከፍራሹ ቋጠሮዎች የአንዱ ምልክት ጎድጉዶ ቀርቷል።

«በቀን?» አለች።

«በቀን ነው እንጂ። ሃያ ዓመት ሳውቀው በቀን ተኝቶ አያውቅም።»

ኃላፊዋ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ግማሾቹ ነርሶች የሌሊት ተረኛ ናቸው። ጠዋት መጥተው የሚተኙት ሰው ሁሉ በሚንጫጫበት ሰዓት ነው፤ አንዳንዷ እንቅልፍ አጥታ እያለቀሰች በሯን ታንኳኳለች። «እኔ የቸገረኝ ፍራሽ አይደለም፤ እንቅልፍ ነው» አለች።

ነጥቤ ያን ጊዜ ምን እንደገፋው አያውቅም። ወደ ኮሪደሩ ወጣና የተለጠፈችውን ወረቀት ነክቶ «ይችን የጻፍኳት እኔ ነኝ» አለ። አማቱ ወደሱ ዞሩ። «የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ሁለት ዓመት ተኝቼበታለሁ፤ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው። ግን አምስቱንም ያንብቧቸው። ስለ እንቅልፍ አንድም ነጥብ የለም። ልጽፍ ፈልጌ ነበር፤ የምጽፈው እውነት አጣሁ።»

ኃላፊዋ ከአንድ እስከ አምስት በጣቷ እየቆጠረች አነበበች። በእርግጥም አልነበረም።

«ሳጥኑን አልከፍትም» አለች። «ሕግ ሕግ ነው። ፍራሹ ግን እዚሁ ይቆይ። መጨረሻው ክፍል ባዶ አልጋ አለ።»

ፍራሹን እዚያው ትተው በባዶ ታክሲ ተመለሱ።

ከዚያ የሆነውን ኃላፊዋ ናት ኋላ ስልክ ደውላ የነገረችው። የሌሊት ተረኞቹ ለመጨረሻው ክፍል ወረፋ መያዝ ጀመሩ። ሁለቱ በወረፋው ተጣሉ። የጨረታው ኮሚቴ ሳጥኑን ከፍቶ ሦስቱንም ካየ በኋላ ለቀን እንቅልፍ የሚሆን አላገኘሁም ብሎ ጨረታውን ሰርዞ እንደገና አወጣ። በዚህኛው ዙር የነጥቤ ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ የገባችው ከመዝጊያው ቀን ሁለት ቀን ቀድማ ነው። የመጀመሪያው ነጥብ እንዲህ ይላል፦ ከሌሊት ሥራ መጥተው ለአሥር ደቂቃ ጋደም ካሉ፣ የሚቀሰቅስዎ ሰው ያዘጋጁ።

ውጤቱ የወሩ መጨረሻ ሊሆን አራት ቀን ሲቀረው ወጣ። ሠላሳው ለአማቱ ሆነ። አሥሩን ስፖንጁ ወሰደው፤ ለተደራራቢ አልጋዎች የላይኛው ፎቅ በአንድ እጅ የሚነሳ ይሻላል ተባለ። በሁለቱም ወገን የተሟገተው ነጥቤ ስለሆነ ቅር የሚሰኝበት ሰው አላገኘም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አማቱ ማተሚያ ቤቱ መጡ። ልጃቸው ካገባች ጀምሮ ደጁን ረግጠውት አያውቁም። ጸጉራቸው ላይ ጥጥ ነበረ። በማሽኖቹ መሃል አልፈው ጠባቧ ጠረጴዛ ፊት ቆሙ፤ እርሳሱን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ ሌላ ነገር ይኖር እንደሆን ከጠረጴዛው ሥርም አዩ።

«ዕቃህ ይኼው ብቻ ነው?»

«ይኼው ነው፣ እማማ።»

ነጥቤ ተነስቶ ቆሟል። ለሁለት ዓመት ሲያጉተመትመው የኖረውን ነገር አሁን ካልተናገረ መቼም እንደማይናገረው ገባው። «ያ የስፖንጁ ወረቀት...» ብሎ ጀመረ።

«ተወው» አሉ። «በየቀኑ ፊት ለፊቴ ነበር። ማንበብ ባልችልም ሰፊዋን አስነብቤያት በቃሌ ይዤዋለሁ። ጥሩ አድርገህ ነበር የጻፍከው፤ ያቃጠለኝ እሱ ነው።»

ነጥቤ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ልጄን ስትወስዳት ሥራ የለውም ብዬ አልቅሻለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ አሁንም ሥራህ ምን እንደሆነ በደንብ አልገባኝም። ግን ትሠራለህ። ይኼን ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

ባለማተሚያው ወንበር አቧራውን ጠርጎ አቀረበላቸው። አማቱ ወንበሩን አዩት፤ ነጠላቸውንም አጥብቀው አጣፉ።

«አልቀመጥም» አሉ። «ሠላሳ ፍራሽ አለብኝ።»